መኪና የሚያስመልስዎት ከሆነ ለሰመመን ባለሙያው ይንገሩ

መኪና ላይ ሲሳፈሩ ያቅለሸልሽዎታል? የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ለያዘ ሰው ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ፌስታል ከእጅዎ የማይለይ ከሆነ፣ ይህንን ከኦፕራሲዮን በፊት መናገር አለብዎት።

ጀርመናዊው ሐኪም ክርስቲያን አፕፌልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሙሉ ሰመመን በኋላ የሚመጣን ማስመለስ ለመገመት አራት ነገሮች በቂ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ መኪና የሚያስመልስ ወይም ከቀድሞ ኦፕራሲዮን በኋላ ያስመለሰ መሆን፣ እንዲሁም እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ሕመም ማስታገሻዎችን መውሰድ። ከአራቱ ሁለቱ ያሉባት ሴት የማስመለስ ዕድሏ 40 ከመቶ ገደማ ነው፤ ሦስቱ ካሉባት 60፣ አራቱም ካሉባት 80 ይደርሳል። አብዛኞቹ የአገራችን ሴቶች ስለማያጨሱ ገና ከመነሻው ሁለቱን ይዘው ይገባሉ።

ማስመለስ ቀላል ጣጣ አይደለም። ስፌትን ይወጥራል፣ ያሳምማል፣ ፈሳሽ ያሳጣል፤ አራስ እናት ልጇን ቶሎ እንዳታጠባም ያዘገያል።

እዚህ ላይ ነው ማደንዘዣ መርፌ የሚጠቅመው። ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን የሚባሉት መድኃኒቶች የሕመም መልእክት በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እንዳይደርስ ያግዳሉ። ለብሽሽት ቡአ ወይም በኦፕራሲዮን ለመውለድ ወገብ ላይ ከተወጉ፣ ነቅተው ሳለ ከወገብ በታች ይደነዝዛሉ፤ ከሙሉ ሰመመን ጋዝም ይድናሉ። እንደ እንቅርት ባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን በሚያስፈልጋቸው ኦፕራሲዮኖችም ቢሆን፣ ቁስሉ አካባቢ ማደንዘዣ መውጋት የሞርፊንን ፍላጎት ይቀንሳል።

«የጀርባ መርፌ ወገብ ይሰብራል» ብለው የሚሸሹ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የተወጉበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል፤ አንዳንዶችንም ሲቀመጡ የሚብስ፣ የሚታከም ራስ ምታት ይይዛቸዋል። ከወሊድ በኋላ ለወራት የሚቆየው የወገብ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ከእርግዝናው ራሱና ልጅ ከመሸከም ጋር የተያያዘ ነው።

ወገብ ላይ ተወግተውም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊያቅለሸልሽዎት ይችላል። ዋናው ምክንያት የደም ግፊት በድንገት መውረድ ነው። አፍረው ዝም አይበሉ፤ ባለሙያው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በመድኃኒት ቶሎ ያስተካክለዋል። ከንፈርዎ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ጆሮዎ ከጮኸ ወይም አፍዎ ብረት ብረት ካለዎትም ወዲያው ይናገሩ፤ ማደንዘዣው ከሚገባው በላይ ወደ ደም መግባቱን ሊያመለክት ይችላል።

በሶዶ ከተማ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልና የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ። ወደዚያ ሲሄዱም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ሲገቡ እነዚህን ያስታውሱ፦

• መኪና እንደሚያስመልስዎት፣ ቀድሞ ኦፕራሲዮን አድርገው አስመልሶዎት እንደሆነና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። እንደ ዴክሳሜታዞንና ኦንዳንሴትሮን ያሉ መከላከያ መድኃኒቶች አሉ።

• «በከፊል ማደንዘዣ ሊሠራልኝ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም ኦፕራሲዮን ባይፈቅድም መጠየቅ መብትዎ ነው።

• ሐኪምዎ የተለየ ትእዛዝ ካልሰጠዎት፣ ከኦፕራሲዮን በፊት ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆዩ፤ ሥጋና ቅቤ የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት። ንጹሕ ውሃ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። በጊፋታ ሰሞን ቀጠሮ ያለው ሰው ጥሬ ሥጋውንና ዳጣውን ለሌላ ቀን ያቆይ።

• ከኦፕራሲዮን በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ በጥቂት ውሃ ይጀምሩ። ጠያቂዎችም ገንፎውን ለማጉረስ አይቸኩሉ።

• ወደ አረካ ወይም ወደ ቦዲቲ በመኪና የሚመለሱ ከሆነ፣ ከመውጣትዎ በፊት የማቅለሽለሽ መድኃኒት ያስፈልግዎ እንደሆነ ይጠይቁ። ማስመለሱ ካልቆመ፣ ውሃ እንኳ ካልረጋልዎት ወይም ሆድዎ ከተነፋ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።