ያልተበረረባቸው ቀናትም ይቆጠሩ፦ ከጆሃንስበርግ ሰማይ የሚቀዳ ትምህርት

ታኅሣሥ በኢትዮጵያ ደጋ የብርድና የጥርት ሰማይ ወር ነው። በጆሃንስበርግ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱም ዝናቡም የሚበረታው ያኔ ነው። ጠዋት ብሩህ ሆኖ የዋለው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ደመና ይቆልላል፣ ይነጎዳል፣ አንዳንዴም በረዶ ያወርዳል። ጄፒ እያሉ በሚጠሩት፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ የሚል ስም በተሰጠው ጎዳና ላይ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ድንገተኛ የአየር ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁታል። ከእነርሱ ይልቅ በጭንቀት የሚከታተሉት ግን ሌሎች ናቸው፤ በእረፍት ቀናቸው ጃይሮፕሌንና ሄሊኮፕተር የሚያበሩ የትርፍ ጊዜ አብራሪዎች።

ከላንሴሪያ እስከ ክሩገርስዶርፕ፣ ከራንድ እስከ ብራክፓን በከተማዋ ዙሪያ ትንንሽ የአውሮፕላን ሜዳዎች አሉ። ከእነዚህ ሜዳዎች የሚነሡት አብራሪዎች ብዙዎቹ እንጀራቸው ሌላ ሥራ ነው፤ በረራው ፍቅራቸው ነው። የጎርጎርዮሳውያኑ ዓመት ሲያበቃ የበረራ መዝገባቸውን ገልጠው ስንት ሰዓት እንደበረሩ፣ ስንት ጊዜ እንዳረፉ፣ የት እንደደረሱ ይደምራሉ። መዝገቡ እነዚህን ሁሉ ይይዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍበትም፤ እርሱም አብራሪው ሰማዩን አይቶ፣ ሞተሩን አድምጦ፣ የራሱን ድካም መዝኖ «ዛሬ አልነሣም» ያለባቸው ቀናት ብዛት ነው። የአንድ አብራሪ ዓመት ሊመዘን የሚገባው በበረረባቸው ሰዓታት ብቻ ሳይሆን በእነዚህም ቀናት ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሁለቱን ማሽኖች ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ከሩቅ ለሚያያቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሁለቱም ከላያቸው የሚሽከረከር ክንፍ አላቸው። አሠራራቸው ግን ይለያያል። በሄሊኮፕተር የላይኛውን ክንፍ የሚያሽከረክረው ሞተሩ ነው፤ ስለዚህ አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል። በጃይሮፕሌን ደግሞ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ማሽኑን ወደፊት የሚገፋውን ፕሮፔለር ብቻ ነው። የላይኛው ክንፍ በበረራ ጊዜ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም፤ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው አየር በራሱ ያሽከረክረዋል። ሕፃናት ከወረቀት ሠርተው በነፋስ ፊት እየሮጡ የሚያዞሩትን መጫወቻ ማሰብ ይበቃል፤ ሩጫው ሲቆም መዞሩም ያበቃል። ስለዚህም ጃይሮፕሌን አየር ላይ መቆም አይችልም። ሞተሩ ቢጠፋበት ግን ክንፉ ቀድሞውንም በአየር ኃይል ይዞር ስለነበር መዞሩን ይቀጥላል፤ ማሽኑም ቀስ እያለ ይወርዳል።

ይህ ሐሳብ ከአደጋ የተወለደ ነው። ስፔናዊው መሐንዲስ ኹዋን ደ ላ ሲየርቫ እ.ኤ.አ. በ1919 የሠራው ባለሦስት ሞተር አውሮፕላን ፍጥነቱን አጥቶ ተከሰከሰ። እርሱም ፍጥነት ሲቀንስ የማይከዳ ክንፍ መፈለግ ጀመረ፤ በጥር 1923 ኦቶጃይሮ ብሎ የሰየመው ማሽኑ በረረለት። በመንገዱ ላይ ያገኘው መፍትሔ፣ ማለትም እያንዳንዱ የክንፍ ዘንግ በማጠፊያ ላይ ከፍ ዝቅ እንዲል ማድረግ፣ ኋላ ለሄሊኮፕተር መፈጠር መንገድ ከፈተ። ያሳዝናል፤ ሰው በሰላም እንዲያርፍ የደከመው ይህ መሐንዲስ በታኅሣሥ 1936 በለንደን ክሮይደን በደረሰ የመንገደኞች አውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሄሊኮፕተር ሞተሩ ሲጠፋ ያንኑ የጃይሮፕሌን ጥበብ ይዋሳል፤ ክንፉ በአየር ኃይል እየዞረ ሊያወርደው ይችላል። ነገር ግን አብራሪው የክንፎቹን ዝንባሌ የሚቆጣጠረውን ማንሻ ወዲያውኑ ዝቅ ማድረግ አለበት። ለሥልጠና በስፋት በሚያገለግለው ሮቢንሰን አር 22 ክንፉ ቀላል ስለሆነ ለዚህ ውሳኔ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጃይሮፕሌንም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። አብራሪው መሪውን በድንገት ወደፊት ገፍቶ ክንፉ ከተሸከመው ክብደት ከተላቀቀ የሚያሽከረክረው አየር ይቋረጥበታል፤ ክንፉም መዞሩን ይቀንሳል፣ ሞተሩም ሊያድነው አይችልም። ባለሁለት ክንፍ በሆኑት የሮቢንሰን ሄሊኮፕተሮች ተመሳሳይ ስሕተት የክንፉን መገናኛ ከተሸካሚው ምሰሶ ጋር ያጋጫል፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ሞት ነው። በንፋስ የተናወጠ፣ የደነገጠና የቸኮለ እጅ ሁለቱንም ይጥላቸዋል።

በዚህ ላይ የጆሃንስበርግ ከፍታ ይጨመራል። የኦሊቨር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,694 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ ማሽኑ 2,600 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይደክማል። ክንፉ የሚይዘው አየር ያንሰዋል፤ አየር በራሱ የሚስብ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። በርካታ የጃይሮፕሌን ባለቤቶች እንደ ሮታክስ 914 ያለ፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ባለተርቦ ሞተር የሚመርጡት ለዚህ ነው። በደርባን ባሕር ዳርቻ ሁለት ሰው ይዞ በቀላሉ የሚነሣ ማሽን በታኅሣሥ እኩለ ቀን ጆሃንስበርግ ላይ ሜዳውን ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው አብራሪ በማለዳ ይነሣል፤ ነዳጁንና የተሳፋሪውን ክብደት ያሰላል፤ ደመናው መቆለል ሳይጀምር ይመለሳል። ሒሳቡ ካልገጠመለትም ማሽኑን ወደ መጠለያው ይመልሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በምድር ላይ ላሉ ነው፤ አየር ላይ የፈሰሰ አይለቀምም።

ይህ ጥንቃቄ ግን በግለሰብ ብልህነት ብቻ አይገኝም። ከኋላው ረጅም ታሪክ ያለው ሥርዓት አለ። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ባለሞተር አውሮፕላን የበረረው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን የአገሪቱ ኤሮ ክለብ ደግሞ በ1920 ተመሠረተ። ለመዝናኛ የሚበሩ ቀላል ማሽኖች ከንግድ አውሮፕላን የተለየ የአብራሪ ፈቃድ አላቸው፤ በፋብሪካ ደረጃ ዓይነታቸው ያልተመሰከረላቸው ማሽኖችም ተመርምረው ለብቻው የመብረር ፈቃድ ይሰጣቸዋል። አደጋ ሲደርስ የምርመራ ዘገባው ለሕዝብ ይወጣል። ሥርዓቱ አደጋን አላጠፋም፤ በየዓመቱ የሚሞቱ አሉ። ነገር ግን የአንዱ ስሕተት ለሌላው ትምህርት የሚሆንበትን መንገድ ከፍቷል።

የኢትዮጵያ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1929 ነው። በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ የአፍሪካ ኩራት ነው። ሆኖም ከዚህ ግዙፍ ስኬት ጎን የመዝናኛ በረራ ልማድ እምብዛም አልዳበረም። ሰማዩ የመንግሥትና የትልልቅ ድርጅቶች ሆኖ ቆይቷል።

ፍላጎቱ ግን አልጠፋም። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ወጣት ከዩቲዩብ እየተማረ፣ እንጨትና ያገለገለ የመኪና ሞተር አቀናጅቶ፣ ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላን በ570 ቀናት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሙከራ አቅርቧል። ፕሮፔለሯ ተሰብሮ ሙከራው ሳይሳካ ቀረ፤ ስሙ ግን በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሰማ። ብዙዎች በጽናቱ ተደነቁ። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ እንዲህ ያለ ወጣት ሥራውን በየደረጃው የሚመረምርለት ባለሙያ፣ ከጎኑ ተቀምጦ የሚያሠለጥነው አስተማሪ፣ «ዛሬ አትነሣ» የሚለው ጓደኛ ከየት ያገኛል?

መልስ የሚሰጡ ወገኖች አሉ። አንዳንዶች ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ስለ ጸጥታ ይሰጋሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ነዳጅም፣ መለዋወጫም፣ ኢንሹራንስም ውድ ነው፤ ያለቁጥጥር የሚበር ማሽንም ለማንም አይበጅም። ነገር ግን ሕጋዊ በር አለመኖሩ ፍላጎትን አያጠፋውም፤ ብቸኛ ያደርገዋል እንጂ። ብቻውን የሚሞክር ሰው ደግሞ ስሕተቱን የሚነግረው ስለሌለ ሕይወቱን ያስይዛል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከከተማና ከዋና የበረራ መስመር የራቀ አንድ ሜዳ፣ ለቀላል ማሽኖች የሚሆን ግልጽ ደንብ፣ አስተማሪና መርማሪ፣ እንዲሁም ስሕተቱን ለተናገረ ቅጣትን የማያስቀድም የመዝገብ ባህል ለጅምር ይበቃሉ። ዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ስምምነት በ13ኛው አባሪው የአደጋ ምርመራ ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን አደጋው እንዳይደገም ማድረግ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ መንፈስ ለትልቁ አውሮፕላን ከሠራ ለትንሹም ይሠራል።

ሥራው ግን በኢትዮጵያ ከጆሃንስበርግ የከበደ ይሆናል። ቦሌ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር መመሪያን እንዳለ መገልበጥ አይበቃም፤ መለካት፣ ማስላትና መመዝገብ ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር ሳይንስ ይጠይቃል። ፊዚክስን በሰሌዳ ላይ ብቻ ለተማረ ወጣት ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ አይገኝም።

በጆሃንስበርግ ሜዳዎች መዝገቡ ተዘግቶ አዲስ ገጽ ይገለጣል። ጠዋት በአንዱ መጠለያ አንድ አብራሪ ደመናውን አይቶ ቁልፉን ወደ ኪሱ ይመልሳል፤ ጓደኞቹም አይስቁበትም። ኢትዮጵያ ከዚያ ሰማይ ልትወስደው የሚገባው ከማሽኑ ይልቅ ይህንን ልማድ ነው፤ ማሽኑ በኋላ ይደርሳል።