ምስጢር ሳይወጣ መዝገብ ስለ መመርመር

አንድ ጠንቃቃ የሒሳብ ሹም «ድምሩ ልክ ነው» ስላሉት ብቻ አይፈርምም፤ ሒሳቡን ከደረሰኙ ጋራ ያመሳክራል። የሊቃውንት ጥናትም እንዲሁ መመሳከር ይገባዋል። ጥናቱ የቆመበት ሰነድ የሕመምተኞች መዝገብ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የቤተሰባችንን ሕመም ማንም እንዲያነበው አንፈቅድምና።

በ2012 ዓ. ም. የሆነው ይህን ያስረዳል። ግንቦት 14 ቀን «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት፥ ከ671 ሆስፒታሎች ተሰበሰበ በተባለ የ96,032 ሕመምተኞች መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት አወጣ። ጥናቱ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የተሰጣቸው የኮቪድ ሕመምተኞች ይልቅ እንደሚሞቱ ይናገር ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም ሠግቶ የመድኃኒቱን ፈተና ለጊዜው አቆመ። መርማሪዎች መዝገቡን ለማየት ሲጠይቁ ግን፥ ሰርጂስፌር የተባለው ባለመዝገብ ኩባንያ የደንበኞቼን ውልና ምስጢር ያፈርስብኛል ሲል ከለከለ። ግንቦት 27 ቀን ከአራቱ ደራሲዎች ሦስቱ ጥናቱን ሻሩት። መድኃኒቱ ሞትን እንደማይቀንስ በኋላ በሌሎች ፈተናዎች ታውቋል፤ ይህ ግን የተሻረውን ጥናት አያጸድቀውም።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የተጀመረው «ኦፕንሴፍሊ» የተባለው ሥራ መንገዱን ገለበጠው። መዝገቡ ወደ ተመራማሪው አይሄድም፤ የተመራማሪው ትእዛዝ ወደ መዝገቡ ይሄዳል እንጂ። ተመራማሪው ባለሙያዎች «ኮድ» የሚሉትን የስሌት ትእዛዝ ለልምምድ በተፈጠረ መረጃ ላይ ሞክሮ ያዘጋጃል። ትእዛዙ የሚፈጸመው እውነተኛው መዝገብ ባለበት፥ በተጠበቀ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የሚወጣው የድምር ሠንጠረዥ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ማንንም ለይቶ እንዳያሳውቅ አስቀድሞ በሰው ዐይን ይመረመራል። ትእዛዙ ለሁሉ ግልጽ ሆኖ ስለሚቀመጥ፥ ፈቃድ ያለው ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ደግሞ አሠርቶ ውጤቱን ሊያመሳክር ይችላል። ከ17 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ጎልማሶች መዝገብ በዚህ አኳኋን ተጠንቶ፥ ውጤቱ በዚያው ዓመት በ«ኔቸር» መጽሔት ወጥቷል።

ዛሬ እንዲህ ያለ የተቈለፈ የሥራ ክፍል በኢንተርኔት በሚከራዩ ሩቅ ኮምፒዩተሮች፥ «ክላውድ» በሚባሉት ላይም ይዘረጋል። ከሥራው ጋራ የስሌት መሣሪያው ዓይነት ሳይለወጥ ሊጠበቅ ስለሚችል፥ «በእኔ ኮምፒዩተር ሌላ ድምር ወጣ» የሚለው ክርክር ይቀንሳል።

በእርግጥ ቍልፉ፥ ሐኪሙ በመዝገብ ላይ ሲጽፍ የተሳሳተውን አያርምም። እኛን ይልቁን የሚያሳስበን የፈቃዱ ነገር ነው። ለመጀመሪያው ተመራማሪ የተከፈተው በር ለአመሳካሪውም በዚያው ፍጥነት ካልተከፈተ፥ የተቈለፈው ክፍል ለሰርጂስፌር ዓይነቱ መልስ የተሻለ ግድግዳ ከመሆን በቀር ምን ይጠቅማል?