ለውሻ ኮሶ ማጠጣት ይገባልን?

በልደታ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ባለፈው ሰሞን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ቤታችንን የሚጠብቀው ውሻ ከሳ፤ በዓይነ ምድሩም ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ ነገር አየንበት። አባቶቻችን የጠጡትን ኮሶ ብናጠጣው ምን ይከፋል?» እኛ መልሱን ሳናሰናዳ ወይዘሮዋ ለካ ግማሽ ስኒ ግተውት ኖሯል። ውሻውም ቀንና ሌሊት ሲያስታውክ ዋለ አደረ፤ ትሉ ግን ወጣና እጅግ ደስ አላቸው።

እኛ ኮሶን የምንንቅ አይደለንም። መንገደኛው ጄምስ ብሩስ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ዛፍ ጽፏል፤ በ19ኛውም መቶ ዓመት የሴቴው ዛፍ አበባ ባሕር ተሻግሮ በኤውሮጳ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ነገር ግን መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳልና፥ ለሰው የተለመደውን ልክ 10 ኪሎ ለማይሞላ ውሻ መስጠት ድፍረት ነው።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበን የወይዘሮዋ ደስታ ነው። የሚታየው ትል ወጣ ማለት የማይታየው ወጣ ማለት አይደለም። በውሻ አንጀት ውስጥ ርዝመቱ 1 ሳንቲሜትር የማይሞላ፥ ሐኪሞች ኤኪኖኮከስ የሚሉት ሌላ ትል ይኖራል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋራ ወጥቶ በሣር ላይ ይቀራል፤ በጉ ከሣሩ ጋራ ይውጠዋል፤ በጉበቱና በሳምባውም ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ያንን ጉበት ጥሬውን ለውሻ የጣልንለት እንደ ሆነ ነገሩ ዞሮ ወደ ቤታችን ይገባል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስ ሕፃንም እንደ በጉ ከረጢቱን በገዛ ጉበቱ ሊሸከም ይችላል፤ ሕመሙም የሚሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ቢላዋ የሚያስፈልግበት ጊዜ ሲደርስ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል አለ፤ የእንስሳት ሐኪም ውሻውን መዝኖ ለያንዳንዱ ኪሎ በ5 ሚሊግራም ሒሳብ ያዝዘዋል። ትሉን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይገድልምና፥ በዚያን ሰሞን የሚወጣውን ዓይነ ምድር ማቃጠል ወይም መቅበር ይገባል። ውሻው እንደ ገና ጥሬ ሳምባ የበላ እንደ ሆነ ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ እንቁላል መጣሉ አይቀርም።

ወይዘሮዋ ግንቦት 1 ቀን፥ የልደታ ዕለት፥ በግ ያርዳሉ። ከረጢት የተገኘበትን ሳምባና ጉበት የሚቀብሩበት ጉድጓድ ጥልቅ ይሁን፥ በድንጋይም ይከደን ብለናቸዋል፤ ውሻው መቆፈር ያውቃልና።