አረም ያልኩት ማገጥ

ባለፈው ጥቅምት በትምህርት ክፍላችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ያነበባችሁት ታስታውሱ ይሆናል። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን መስክ የሸፈነው ባለነጭ አበባ ተክል ከአውሮፓ የመጣ ነጭ ክሎቨር እንደሆነ፣ የአገራችንን ሣር እየዋጠ እንደሆነና ግቢው ዝም ብሎ ማየት እንደሌለበት በሙሉ ልብ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ በዚያ ሳልፍ መስኩ ላይ ሦስት ክምር ተነቅሎ አየሁ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አትክልተኛ ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው? ንቀሉት ተባልን እኮ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጽሑፌ ሥራ ሠራ!

ደስታዬ ግን ከምሳ ሰዓት አላለፈም። ባዮሎጂ የሚያጠና የዶርም ጓደኛዬ ከክምሩ አንድ ዘለላ አንስቶ ቅጠሉን ገለበጠና ወደ ብርሃን አስጠግቶ «ፀጉሩ ይታይሃል?» አለኝ። ይታያል። ነጭ ክሎቨር ደግሞ ቅጠሉም የቅጠሉ እጀታም ልሙጥ ነው፤ ፀጉር የለውም። እኔ ያስነቀልኩት በሳይንሱ ትሪፎሊየም ሴሚፒሎሰም የሚባለውን ነበር። ሴሚፒሎሰም ማለት «ግማሽ ፀጉራም» እንደማለት ነው፤ የቅጠሉ ጀርባ፣ አንዳንዴም ግማሹ ብቻ፣ ፀጉር ስላለው። በእንግሊዝኛ የኬንያ ነጭ ክሎቨር ይሉታል እንጂ በኢትዮጵያም ደጋ የበቀለ የራሳችን ተክል ነው። የውጭ ወራሪ ብዬ የከሰስኩት ባለአገሩን ነው ማለት ነው።

እንዴት ተሳሳትኩ? ኢንተርኔት ላይ ፎቶ አየሁ። ሦስት ቅጠል፣ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ ምልክት፣ ነጭ ክብ አበባ፣ መሬት ላይ የሚሳብ ግንድ። ሁሉም ገጠመልኝና ጨረስኩ። የሚመሳሰሉበትን ፈለግሁ እንጂ የሚለያዩበትን አልፈለግሁም። ሁለቱም እኮ ይሳባሉ፣ ሁለቱም ነጭ ያብባሉ፣ ምልክቱም ሁለቱም ላይ አለ። የኛው አበባ አንዳንዴ ሮዝ ይመታል፣ ሥሩም ወደ ታች ጠልቆ ይወርዳል። ሌሎቹን መለየትማ ቀላል ነበር። ቀዩ ክሎቨር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፀጉራም ነው፣ አበባውም ልክ ከሥሩ ባሉት ቅጠሎች ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ነጩ ግን የአበባው ዘንግ ከሚሳበው ግንድ ብቻውን ቅጠል ሳይዝ ይወጣል። ልጆች የሚያኝኩት ኮምጣጣው ባለሦስት ቅጠል ደግሞ ጭራሽ ክሎቨር አይደለም፤ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ አበባውም አምስት መልክ ነጠላ ነው።

ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። አባዬ ንብ ያንባል። «ምን ዓይነት ነው?» አለኝ፤ ነገርኩት። «ማገጥ ነዋ!» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ንብ እየቀሰመችው ነው የነቀላችሁት?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እኛ ሰፈር ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን ሐምራዊ የሚያደርገው ማገጥ ነው፤ የመስከረምና የጥቅምት ማር ከአደይ አበባው ጋር በሱ የሚቆም ነው። ከብቱም ይወደዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ20 የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች አሉ፣ ከነሱም ሌላ አገር የማይገኙ አሉባቸው። ይህንን ሰፈር ያደግሁ ልጅ ሆኜ ሳላውቅ ነው እንግዲህ ስለ «አገራችን ሣር» የተቆረቆርኩት። ማገጥ ሣር እንኳን አይደለም፤ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፣ ሥሩ ላይ ባሉት እብጠቶች መሬቱን ያለመልማል።

እርግጥ ነው፣ የአባዬም ስም ብቻውን አያድነኝም ነበር። ማገጥ የሚለው ቃል ሐምራዊውንም ነጩንም፣ ባለአገሩንም መጤውንም ይጠራል። ስለዚህ ገበሬውን ጠይቆ ማቆምም አይበቃም፣ ፎቶ አይቶ ማቆምም አይበቃም። ሁለቱንም ይዞ ተንበርክኮ ቅጠሉን መገልበጥ ያስፈልጋል።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ጋዜጠኛ የዕፅዋት ሊቅ መሆን አለበት እንዴ?» ይሉኛል። የለበትም። ግን የሰው ስም ስንሳሳት እርማት እናወጣለን፣ የቀበሌ ቁጥር ስንሳሳት መምህሩ ነጥብ ይቀንሱብናል፤ ተክል ሲሆን ምነው «ሣር»፣ «አረም»፣ «ቁጥቋጦ» ብለን ማለፍ ተፈቀደልን? ማስረጃ ያልያዘ ሰው አረም የሚለውን ቃል ባይጽፈው ይሻላል ባይ ነኝ። አረም የተባለ ነገር ይነቀላላ።

ከሁሉ የከነከነኝን ልንገራችሁ። ጋሼን ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው «እኔማ ማገጥ መሆኑን አውቄአለሁ፤ ግን ጋዜጣ ላይ ከወጣ ምን እላለሁ?» አሉኝ። እኔ ከመጻፌ በፊት በየቀኑ ጠዋት መስኩ ላይ ነበሩ። ሰላም ብያቸው አልፌ ነው ዶርም ገብቼ የጻፍኩት።

እርማቱን ጽፌ ለአዘጋጆቹ ሰጥቻለሁ። ከታች በኩል፣ ከስፖርቱ አጠገብ፣ በሁለት መስመር እናወጣዋለን ብለውኛል። እኔ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ ነው። እስካሁን መልስ አልሰጡኝም። በውኃ ቧንቧው በኩል ያልተነቀለ አንድ ጥግ ስለቀረ ማየት የሚፈልግ ሄዶ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይችላል።