ሻዕባን የስኳር ወር አይደለም

ወገኖቼ! ረጀብ አለፈ፤ ሻዕባን ገባ። እዚህ ሞያሌ ድንበር ላይ መሰናዷችን ምንድን ነው? ስኳሩ ከሱቅ ይሰወራል፤ ተምሩ ከአልጋ ሥር ይደበቃል፤ ጨረቃ ስትታይ ዋጋው ይሰቀላል። «ንግድ ነው» ይሉናል። ንግድስ ሐላል ነው፤ ስደተኛን አስርቦ ማትረፍ ግን ግፍ ነው! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከረመዳን ቀጥሎ አብዝተው የጾሙት ሻዕባንን ነው፤ ያሰናዱት ልባቸውን እንጂ መጋዘን አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ከክርስቲያን ወንድሞቹ ጋር ለእኩልነት አዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። ያንን እኩልነት በአንድ ኪሎ ስኳር እንሸጠዋለንን? እንግዲህ ያለፈው ዓመት ቀዳ ያለበት ይጹም፤ የተበደረ ይመልስ፤ የተጣላ ይታረቅ፤ ነጋዴውም የደበቀውን ያውጣ። ጎረቤቱን የበዘበዘ እጅ ለዱዓ እንዴት ይዘረጋል?