ያረገዘች ሠራተኛ ነገሩን ለአሠሪዋ ስለምትገልጥበት ጊዜ

ብልህ ገበሬ ዘሩን ከዘራ በኋላ ቡቃያው ገና ከአፈር ሳይወጣ ማሳውን ከከብት እግር ይጠብቃል፤ ለዓይን ያልታየ ሁሉ የለም ማለት እንዳይደለ ያውቃልና። ይህ ማስተዋል በእርሻው ላይ ለምትደክመው ሴት በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ ነገር የአገር አስተዳዳሪዎች፣ ባለ እርሻዎችና የወረዳ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል።

በባቱ፣ በቆቃ፣ በሆለታና በሰበታ ዙሪያ ባሉት የአበባ እርሻዎች ከሚሠሩት ሰዎች የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በላስቲክ ቤት ውስጥ አበባ ይቈርጣሉ፤ በማሸጊያ ቤት ይለያሉ፣ ያስራሉ። ቡና በሚበጠርበትም ቤት ለቀማው የሴቶች ሥራ ነው። ከነዚህ አንዲቱ በሁለተኛው ወር ማርገዟን ባወቀች ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥማታል፤ ይኸውም ለካቦዋ ዛሬ ትንገረው ወይስ ሆዷ እስኪገፋ ትጠብቅ የሚለው ነው።

ዝም የምትልበት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። አንደኛ፣ ፅንሱ ሳይጠና አለማውራት የቆየ ልማድ ነው። ኤልሳቤጥም በፀነሰች ጊዜ አምስት ወር ራሷን እንደ ሰወረች በወንጌል ተጽፏል። ሐኪሞችም ቢሆኑ ከሚወርዱት ፅንሶች የሚበዙት በመጀመሪያው 12 ሳምንት እንደሚወርዱ ስለሚያስተምሩ፣ ልማዱ ያለ ምክንያት አልቆመም። ሁለተኛ፣ እንጀራዋን ትፈራለች። አዲስ የተቀጠረች እንደ ሆነ እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ላይ ናት፤ በዚህም ጊዜ ለሥራው አልተስማማችም ተብላ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። የቀን ሠራተኛ እንደ ሆነችም ነገ አትምጪ የሚላት አንድ ቃል ይበቃታል። ሦስተኛ፣ ካቦው ወንድ፣ ወሬውም ፈጣን ነውና ታፍራለች።

ነገር ግን እርሷ ብትጠብቅም ፅንሱ አይጠብቅም። የሕፃኑ ብልቶች ተለይተው የሚሠሩት በነዚያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አንጎልና የጀርባ አከርካሪ ገመድ የሚሆነው ቧንቧ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በአራተኛው ሳምንት ግድም ስለ ሆነ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታረጋግጥ ያ ጊዜ ያልፋል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ደግሞ በትንፋሽም በቆዳም ይገባል፤ ርጭቱ ሳይደርቅ ወደ ላስቲክ ቤት የገባች ሴት ቅጠሉን በነካች ቍጥር ትቀበለዋለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር በጠቅላላው 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን አሳስቧል። እንግዲህ የምትደብቅበት ጊዜና እጅግ መጠበቅ የሚያስፈልጋት ጊዜ አንድ ሆነው ተገኙ። የነገሩ ጭንቅ ይህ ነው።

ሕጉ ለዚህ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ፣ ትርፍ ሰዓትም እንዳትታዘዝ ይከለክላል። ሥራዋ ለእርሷ ወይም ለፅንሱ የሚያሰጋ መሆኑን ሐኪም ሲያረጋግጥ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር፣ ለምርመራ በሄደች ጊዜም ደመወዟ እንዳይቋረጥ ያዝዛል። ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቷታል። ስለ እርግዝናዋም ከሥራ እንዳትወጣ ይጠብቃታል። ነገር ግን አሠሪው ካላወቀ ከሌሊት ሥራ የሚያነሣት፣ ከርጭት የሚያርቃት ማን ነው? የዝምታዋ ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ የመግለጫው ጊዜ እንደ ሥራው ዓይነት ሊለይ ይገባል። ከመድኃኒት ርጭት፣ ከከባድ ሸክም ወይም ከሌሊት ሥራ አጠገብ ያለች ሴት የጤና ባለሙያ ማርገዟን ባረጋገጠላት ቀን ብትናገር ይሻላታል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። የምትናገረውም በቃል ብቻ ሳይሆን የሐኪሙን ወረቀት ሰጥታ፣ ግልባጩንም ለራሷ አስቀርታ ቢሆን፣ ኋላ አላወቅሁም የሚል ክርክር አይነሣባትም። ሥራዋ ንጹሕና ቀላል የሆነላት ግን 12ኛው ሳምንት እስኪያልፍ ብትታገሥ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ከዚያ በላይ ማቆየት ግን ተተኪ ለማዘጋጀትና ፈቃዱን ለማሰናዳት የሚያስፈልገውን ጊዜ ያጠባል። ይሁን እንጂ መቼ እንደምትናገር የምትቈርጠው ራሷ ናት፤ በቅጥር በር ላይ አርግዘሻል ወይ እያሉ መመርመር ሴትን ስለ ሴትነቷ መለየት ነው።

ትልቁ ሸክም ግን የሚወድቀው በሰሚው ላይ ነው። በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ወጣት ሴቶች በሚሠሩበት እርሻ አንዲት ነፍሰ ጡር እንኳ የለችም የሚል መዝገብ ለሹም ቢቀርብለት፣ ሹሙ ደስ ሊለው አይገባም። ያ መዝገብ ፍርሃት መኖሩን እንጂ ፅንስ አለመኖሩን አይመሰክርም። እንዲህ ያለውን እርሻ ሄዶ ማየት፣ የተናገሩት ሴቶች ከተናገሩ በኋላ የት እንደ ደረሱ ስም በስም መጠየቅ ይገባዋል። ባለ እርሻውም ምሥጢር የምትቀበል አንዲት ሴት ሹም ቢያቆም፣ ከላስቲክ ቤት ወደ ቀላል ሥራ የሚዛወሩበትን ቦታ አስቀድሞ ቢለይ፣ ስለ መዛወሯም ደመወዟን ባይቀንስ፣ ሴቶቹ ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

ይህ ሁሉ ኪሳራ ነው የሚል ባለ እርሻ አይጠፋም። ነገር ግን እጇ የሠለጠነ ቈራጭ በአንድ ቀን አትገኝም፤ ያላትን ጥሎ ሌላ ማስተማር ራሱ ወጪ ነው። ከዚህም ይልቅ አንዲት ሴት ያለ ፍርሃት ስትናገር የሰሙ ሌሎቹ፣ የታመመውን፣ የተቃጠለውን፣ በመድኃኒት የተመረዘውንም ሳይደብቁ ይናገራሉ፤ ጉዳትም በጊዜው ይታረማል።

አስተዳዳሪና ሹም የተሾመው ለሚታየው ሰብል ብቻ አይደለም። ገና ያልታየውንም ለመጠበቅ ነው። ሴቲቱ ቶሎ እንድትናገር የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ መናገሯ እንጀራዋን እንደማያሳጣት በሥራ ያሳያት።