«አላጨስም» ያለው ሕመምተኛ



ባለፈው እሑድ አንድ የአገር ልጅ ታሞ ተኝቷል ቢሉኝ ከፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ አውቶቡስ ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ብርቱካኔን አንጠልጥዬ ሆስፒታሉ በር ስደርስ፣ አልጋ ላይ አገኘዋለሁ ያልኩት ሰው ውጭ ብርድ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ የግሉኮሱን መስቀያ፣ በሌላው ሲጋራውን ይዟል። ከራሱ በላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ። ሲያየኝ ደንግጦ «አደራህን፣ ለጋሼ እንዳትነግርብኝ!» አለኝ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። እንግሊዝኛውን የሚያስተረጉሙለትም እሳቸው ናቸው። ነርሷ «ታጨሳለህ?» ስትለው፣ በጋሼ ፊት ምን ይበል? «ኧረ እኔ! አላጨስም» አለ። መዝገቡም ላይ ይኸው ተጻፈ። በነገታው ደግሞ ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል።

ይሉኝታችን እዚህ ድረስ ተከትሎን መጥቷል። ነገር ግን ነርሷ የጠየቀችው ለሐሜት አይደለም። የአጫሽ ሳንባ ከማደንዘዣ በኋላ በቀላሉ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጅበታል።

በዚህች አገር ሕመምተኛና ሲጋራ የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። ድሮ ከአልጋው አጠገብ መተርኮሻ ይቀመጥ ነበር። ጉዳቱ የታወቀውም ከሕመምተኞች አንደበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ20 የለንደን ሆስፒታሎች የተኙ ሰዎችን አስጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል አጫሽ ያልነበሩት 2 ብቻ ነበሩ። ዶል ራሱ ጥናቱ ሳያልቅ ማጨስ ተወ። እነዚያ ሕመምተኞች እንደ ወዳጄ «አላጨስም» ብለው ቢሆን ኖሮስ?

በእንግሊዝ ከሐምሌ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስ በሕግ ተከለከለ። አገር ቤትም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ተመሳሳይ ክልከላ አለው። እዚህ ግን ክልከላ ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤን ኤች ኤስ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ሆስፒታል የሚተኛ አጫሽ ሁሉ የማቆሚያ እርዳታ እንዲቀርብለት ይላል፤ የኒኮቲን ፕላስተሩም፣ ማስቲካውም፣ ምክሩም አለ። ታዲያ መዝገቡ ላይ «አያጨስም» የተባለን ሰው ማን ይሰጠዋል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የለ አባቶቻችን!

ወዳጄን ይዤ ወደ ክፍሉ ተመለስን። ነርሷን ጠርተን «አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይቅረብልን» አልን፤ ይህ በነፃ የሚገኝ መብት ነው። እኔም ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆየሁ። ስመለስ ክንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎለታል። «አንድም ቃል አልተቆጣችኝ» አለኝ፣ ተገርሞ።

እናንተም በሽተኛ ስትጠይቁ «ሱሱ እንዳይጎዳው» ብላችሁ ፓኮ በኪሳችሁ ደብቃችሁ አትሂዱ። ብርቱካን ይበቃል። ለዘመድ የምታስተረጉሙም ብትሆኑ፣ ስለ ሲጋራ ሲጠየቅ አንድ አፍታ ወጣ በሉለት።

ለጋሼ? እኔ አልነገርኩም። እሱ ሲሻለው ይንገራቸው።

ሳምንት በጤና ያገናኘን።